አንድ ፊት በአምስት ፎቶ

ይድረስ በባሕር ወደብ ለምትኖረው ለታላቅ ወንድሜ ለአሻግሬ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው ጊዜ ወገቤን ያመኛል ብለኸኝ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህስ እንዴት ናት፣ እያደገች ነው? እኛ እዚህ አቃቂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እናታችን ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እህታችን አሰጋሽ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት ልትደርስብኝ ነው፣ በምላስ ግን ከቀደመችኝ ቆይታለች። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ነገር ግን ውሸት መጻፍ ስለሰለቸኝ ተውኩት። ደህና አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው፤ ቁጭ በል። ካንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሚያዝያ 28 በፊት ባቡር ተሳፍረህ አቃቂ ጣቢያ እንድትወርድ። አንድ ቀን ይበቃኛል፤ በማግሥቱ መመለስ ትችላለህ። ካልመጣህ ምንም ያላጠፋች አንዲት ልጅ ባንተ ስም ታስራ ትቀራለች። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን እጅህ ንጹሕ ነው ብዬ አላሞግስህም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ፎቶ ማንሳት መጀመሬን በወሬ ሰምተሃል። ከፋብሪካው የነበረው ጣሊያን መካኒክ አገሩ ሲገባ ካሜራውን በብስክሌቴ ለወጠኝ። ስድስት ቀን ጣቢያው ውስጥ የሰው ዕቃ ስመዝን እውላለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን የጓሮዋን ክፍል ስቱዲዮ አደርጋታለሁ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እወጥራለሁ፤ በመስኮቱ ብርሃን አነሳለሁ፤ ፎቶ ሳጥብ ደግሞ ያንኑ መስኮት በብርድ ልብስ እጋርደዋለሁ። የፋብሪካ ሴቶች የተዋሱትን ሐብልና ሰዓት አድርገው ይመጣሉ፤ ሰዓቱ እንዲታይ አገጫቸውን በእጃቸው ይደግፋሉ። ኮት የሌለው ወንድ እኔ ዘንድ ይለብሳል። ኮቱ ያንተ ነው፣ ጥለኸው የሄድከው ግራጫው። የአቃቂ ወንድ ግማሹ ባንተ ኮት ተነሥቷል ብልህ አላጋነንኩም። ለቀጭኑ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እይዝለታለሁ፤ ለወፍራሙ ደግሞ ሳይቆለፍ እጁን ደረቱ ላይ እንዲያደርግ እነግረዋለሁ። ሙያዬ አይደለም፤ ፍቅሬ ነው። ሰው ራሱን አሳምሮ ከፊቴ ሲቀመጥና ትንፋሹን ሲይዝ የሚሰማኝን ደስታ ጣቢያው ውስጥ በስድስት ዓመት አላገኘሁትም።

በዓል ሲሆን ደግሞ ለባቡር ሠራተኛ በሚሰጠው ነጻ ቲኬት ወደ አዋሽ እወርዳለሁ። ያ ባቡሩ የሚያቋርጠው ሜዳ ዛሬ የዱር አራዊት ፓርክ ሆኗል። ዱሬሳ የሚባል ጠባቂ አለ፤ ከእኔ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የተግባባነው። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ አቧራ በትኖ ያየና በሆዴ እየተሳብኩ ሳላዎቹ ዘንድ እንድደርስ ያደርገኛል። ሳላ ታውቃለህ? ቀንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነ እንስሳ ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ካየህ በኋላ ጠላት አለመሆንህን ካመነ ሣሩን መብላት ይቀጥላል። ከዚያ ወንዙ ወደሚወድቅበት ፏፏቴ እንሄዳለን። እዚያ ስሆን የማንም ልጅ፣ የማንም ወንድም አይደለሁም፤ ዕቃዬን መዝንልኝ የሚለኝም የለም። ነገር ግን የማታው ባቡር መልሶ ያመጣኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። አንተ የሄድክ ቀን ጣቢያው ውስጥ በሰው ፊት «ይህን መሬት ዳግመኛ ብረግጥ» ብለህ ስትምል አባታችን አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። ኅዳር 1962 ሲያርፍ ቴሌግራም ላክሁልህ፤ አልመጣህም። በአርባው ቀን ተዝካር ላይ እናታችን ከእንግዶቹ መካከል ተነሥታ ያዘችኝና ልጄ ሞቶብኝ ነው የምትደብቁኝ አለች። ከቴሌግራሙ በኋላ የላክኸውን ደብዳቤ አነበብኩላት። ወረቀትማ ማንም ይጽፋል፣ ፊቱን አሳየኝ አለችኝ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ግን ለእርሷ ያላነበብኩት ነገር ነበር። ሚስት ማግባትህን፣ ሃይማኖቷ ሌላ መሆኑን፣ ሴት ልጅ መውለድህን ጽፈህልኝ፣ ለእናታችን እንዳልነግር በአባታችን አጥንት አስምለኸኝ ነበር። እናታችን እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። ሦስተኛው ቀን ላይ አላስቻለኝም።

በእጄ ያለው ፎቶህ አንድ ብቻ ነበር፣ ለሥራ መታወቂያ ብለህ የተነሣኸው፣ ፊትህን ወደ ግራ ዘወር ያደረግክበት። ኮትህን ይዤ ወደ አዋሽ ወረድኩ። ኮቱን ለብሼ ፏፏቴው ፊት ቆምኩና ዱሬሳ እንዲያነሳኝ አደረግሁ። እቤት ገብቼ ጭንቅላትህን ከመታወቂያው ፎቶ በምላጭ ቆርጬ በእኔ አንገት ላይ ለጠፍኩት፤ ጠርዙን በእርሳስ አለሰለስኩት፤ የተለጠፈውን እንደገና በካሜራ አነሳሁት። አንገትህና አንገቴ ልክክ አለ፤ ከአንድ እናት መወለድ ለዚህም ይጠቅማል። ለእናታችን፣ ጋሼ እስከ አዋሽ ድረስ መጥቶ ተገናኘን፣ መሐላ ስላለበት ግን አቃቂን አልረግጥም አለ አልኳት። ፎቶውን ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ምሳ አቅርቡልኝ አለች። ደስ አለኝ ወንድሜ። በሥራዬም ኮራሁበት፤ ያን ያህል የተዋጣለት ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ግን በየበዓሉ፣ ወደ አዋሽ ስወርድ፣ እናታችን ወንድምህን አነሳኸው ወይ ትላለች። በሦስት ዓመት አምስት ፎቶ ሠራሁ፤ ግራር ሥር፣ ተራራው ፊት፣ ሰጎን ከኋላህ ሲያልፍ፣ ጉቶ ላይ ተቀምጠህ። አምስቱም በመስተዋት ገብተው ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቅለዋል። ዳቦ ቆሎና በሶ እየቋጠረች ትልክልሃለች፤ እኔና ዱሬሳ ከግራሩ ሥር ቁጭ ብለን እንበላዋለን። ዱሬሳ ጣፋጭ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አብሬህ ልሂድ ብላ ተነሥታ ነበር፤ ያዳነኝ የፉርጎው ደረጃ ከፍታና የጉልበቷ ሕመም ነው። አንድ ቀን ፎቶዎቹን በተራ ስታይ ቆየችና፣ ልጄ ምነው ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ያያል፣ አንገቱን አሞት ነው ወይ አለችኝ። አውሬ እየጠበቀ ነው አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፣ ለአንገትህ ጠበል በጠርሙስ አድርጋ ላከችልህ። እርሱን እንኳ አልደፋሁትም፤ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ።

ባለፈው ነሐሴ እውነተኛው ፎቶህ በባቡሩ ፍሬን ያዥ በኩምሳ እጅ መጣልኝ። ሚስትህ ሻሽዋን አድርጋ አጠገብህ ቆማለች፤ ልጅህ ጭንህ ላይ ናት። አንተ ደግሞ ወፍረሃል፣ ጢም አውጥተሃል፣ ፀጉርህ ከግንባርህ ሸሽቷል። አይቼ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደነገጥሁ። ግድግዳው ላይ ያለው አሻግሬ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን ነው፤ አንዲት ፀጉር አልወደቀችበትም። ከእንግዲህ እውነቱን ላሳይ ብል እንኳ ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ፎቶውን ከጠበሉ ጎን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

እናታችን ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከጥምቀት በኋላ አቶ ገብረጻድቅን፣ የአባታችንን የሥራ ባልደረባ፣ ያንን ሃዲድ ቀያሪውን፣ አስጠርታ መከረች። መሐላህን የሚፈታው ሠርግ ብቻ ነው፤ ሙሽራ ከሠርጉ አይቀርም ብላ ነው ያሰበችው። ከቱሉ ዲምቱ በኩል ያሉትን አቶ መገርሳን ታስታውሳቸው ይሆናል፣ መሬታቸው ለፋብሪካ የሄደባቸውን። ልጃቸው አለሚቱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የተሸመነውን ጨርቅ እያየች ጉድለት ትለቅማለች። አስበው እንግዲህ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ የፏፏቴውን ፎቶ ተሸክሜ እንድከተላቸው ያዘዙት እኔን ነው። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አንተን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። አቶ መገርሳ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱትና፣ ቁመናው መልካም ነው፣ ትከሻው የሠራተኛ ነው አሉ። ትከሻው የእኔ ነው። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። እኔ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ለሚያዝያ 28 ተቆረጠ። አንተ ምን እንዳልክ እናታችን ስትጠይቀኝ ገና አልጻፈም እያልኩ አቆየኋት። በመጨረሻ፣ ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው ብላ እራሷ ጨረሰችው።

ጾሙ ሊገባ ሲል እናታችን አለሚቱን አንሥተህ ፎቶዋን ለወንድምህ ላክለት አለችኝ። ልጅቱ ከአክስቷ ጋር መጣች። አክስቷ ደጅ ከእናታችን ጋር ጨዋታ ያዘች። እኔ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ሳዞር አለሚቱ ከነጠላዋ ሥር ሦስት ፎቶ አወጣች። አንዱ ለቤታቸው የሄደው ነው፤ ሁለቱን ደግሞ እናታችን እስኪመጣ ድረስ ዓይንሽ ይልመደው ብላ ሰጥታት ኖሯል። ሦስቱን ወንበሩ ላይ ደረደረችና፣ እስቲ አስረዳኝ አለችኝ፤ ፀሐይዋ ድንጋዩን የምትመታው በቀኝ በኩል ነው፣ የሰውዬውን ፊት ግን በግራ በኩል ነው የምታበራው፣ አዋሽ ስንት ፀሐይ አለ? ቀጥላም፣ በሦስቱም ፎቶ አንዲት ፀጉሩ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፣ ነፋስ የለም ወይ እዚያ አለችኝ። ከዚያ እጄን አየች፣ የፎቶውን እጅ አየች፣ አንድ ናቸው አለች። ያን ያህል ዓመት አንድም ሰው ያላየውን ያየችው ጨርቅ ስትመረምር የምትውል ልጅ ናት። ሁሉንም ነገርኳት።

አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ሚስቱ እውነት ናት ወይ አለችኝ፤ እውነት ናት አልኳት። ልጅቱስ አለችኝ፤ እርሷም አልኳት። እንግዲያው እኔ የማን ሚስት ልሆን ነው አለችኝ። ከዚያ የተናገረችውን ልጻፍልህ። እሺ ያልኩት ለፊቱ አይደለም አለች። ከኋላው ላለው አገር ነው። ቀን ሙሉ የማሽን ጩኸት ስሰማ ውዬ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ዝም ያለ ነገር የምሰማ መስሎኝ ነው። ቀጥላም፣ እኔ አፍርሱት ብል ሌላ ወንድ ለምዳ ነው ይሉኛል፣ አንተ ጀምረኸዋል፣ አንተ ጨርሰው አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ አሁን አንሳኝ፣ አክስቴ ትጠይቀኛለች አለች። አነሳኋት።

ሦስት እሁድ ፈራሁ። ማለዳ ልናገር ተነሥቼ እናታችን ለሠርጉ ጌሾ ስትወቅጥ አያትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። በመጨረሻ አለሚቱ በአሰጋሽ በኩል፣ የሙሽራ ቀሚስ ሊለኩኝ ነው፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ አይደለህም ብላ ላከችብኝ። ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹ አቶ መገርሳ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ እናታችንም ነበረች። ተነሥቼ ቆምኩና ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ምላጩን፣ ሙጫውን፣ ጭንቅላትህ የተቆረጠበትን ወረቀት አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ይህንን ወዲያው አመኑኝ። እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ቀጥዬ መሐላዬን አፍርሼ፣ አባታችን ይቅር ይበለኝ፣ እውነተኛውን ፎቶ አወጣሁ። ሚስቱና ልጁ እነዚህ ናቸው አልኩ።

የሆነውን ልንገርህ። አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አደረጉና በአንተ አንገት ዙሪያ ጥፍራቸውን እያንሸራተቱ መጋጠሚያውን ፈለጉ። ባያገኙትም፣ ይህንን ደግሞ መቼ ሠራኸው አሉኝ። ጎበዝ ሆነሃል፣ አሁንስ ስፌቱም አይታይ አሉ። አቶ መገርሳ ደግሞ፣ የሰው አንገት የሚቀጥል ሰው ይህችን ልጅ ከማን ጭን አንሥቶ እዚህ አስቀመጣት አሉ። ማልኩላቸው፤ እስካሁንም ስትምል ነው የከረምከው አሉኝ። ደብዳቤህን አወጣሁ፤ ደብዳቤዎቹንማ የምታነብልን አንተ አይደለህ ወይ አሉኝ። ኩምሳ ይጠየቅ አልኩ፤ ኩምሳ ተጠርቶ መጥቶ፣ እኔ ፖስታ ድሬዳዋ ላይ ከሰው እጅ እቀበላለሁ እንጂ ሰውዬውን አይቼው አላውቅም አለ። እውነቱን ነው። እናታችን ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ረጅም ጊዜ አየችው። ጆሮህን በጣቷ ስትነካው አይቻለሁ። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና፣ ይህ የእኔ ልጅ አይደለም፣ የእኔ ልጅ እንዲህ አይወፍርም አለች።

ውሸቴን ሦስት ዓመት ያመኑ ሰዎች እውነቴን አንድ ቀን አላምን አሉ። ልፈርድባቸው አልችልም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አቶ መገርሳ በመጨረሻ ያሉት ግን ከሁሉ ባሰብኝ። ነገሩ ገብቶኛል አሉ። ልጄን ለራስህ ፈልገሃት ነው። እጮኛዋን ባለ ሚስት ካደረግክ ትቀርልኛለች ብለህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ እንዲህ ተወሰነ። አንተ እስከ ሚያዝያ 28 ድረስ መጥተህ በገዛ አፍህ ሚስት አለኝ ካልክ፣ ሽማግሌዎቹ ልጅቱን ከስምህ ይፈቷታል፤ እርሷንም የሚነካት ነገር የለም። ካልመጣህ ግን እኔ ስሟን አበላሽቻለሁ ይባላል፣ እርሷም አብራኝ እንደመከረች ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አለሚቱን ብሎ ደጃቸውን የሚመታ ሽማግሌ አይኖርም። ከሰኞ ጀምሮ አባቷ ከሥራ አስቀርተዋታል። ደጅ እንኳ ብቻዋን አትወጣም ብላ አሰጋሽ ነግራኛለች። ያ ሁሉ ጩኸት ሰልችቷት ነበር፤ አሁን ዝምታውን አገኘችው፣ ግን ከአራት ግድግዳ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው አልነገርኩትም። አቶ መገርሳ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ያን እሁድ ከካሜራው በስተጀርባ ሆኜ ሳያት ከዚያ በፊት ሰው አይቼ የማላውቅ መሰለኝ። እወዳታለሁ። ግን በወንድሜ ስም የተጠየቀች ልጅ ለእኔ እህቴ ናት፤ ነገ ብትፈታም እንኳ እኔ ጠያቂ ብሆን አባቷ ለራስህ ፈልገሃት ነው ያሉት እውነት ኖሯል ይባላል፣ ስሟም ይጠፋል። ስለዚህ ና የምልህ ለእኔ እንድትቀርልኝ አይደለም። ፎቶዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላስገባሁትም። እናታችን ላክለት ያለችው ነበር፤ ይህን አንድ ትእዛዝ አልፈጽምም።

እኔም ታስሬያለሁ። ካሜራዬን አቶ ገብረጻድቅ ነገሩ እስኪጣራ ብለው ወስደው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እናታችን አታናግረኝም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ለአሰጋሽ፣ ለወንድምሽ ምሳው ቀርቧል በይው ትላታለች። አሰጋሽም ከመካከላችን ሆና፣ ምሳህ ቀርቧል ይባላል ትለኛለች። በመጀመሪያው ቀን ሊያስቀኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ በየቀኑ ወዳንተ የሚወርደውን ባቡር አያለሁ። ነጻ ቲኬቴ ኪሴ ውስጥ ነው። ራሴ መጥቼ እጅህን ይዤ ላመጣህ አስቤ ነበር። ግን እኔ ከአቃቂ እግሬን ካነሳሁ ሸሸ ይባላል፤ የሸሸ ሰው ደግሞ ተፈርዶበታል። አሁን የመንገደኛው ጓዝ እየተመዘነ፣ የማላውቀው ሰው ሻንጣ እየተጫነ ይሄዳል፣ እኔ ደረሰኙን እቆርጣለሁ።

ደብዳቤ ጽፈህ ልትገላገል እንዳታስብ። ፎቶም አትላክ፤ የሚያምንህ የለም። ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር ውስጥ የሚታመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም ያንተ ገላ ነው። ባርኔጣ አድርገህ አትምጣ፤ መላጣህ ይታይ። መሐላህን እንደማፈርስብህ አውቃለሁ። ግን እኔ በአባታችን አጥንት የማልኩትን ለዚህች ልጅ ብዬ በሰው ፊት አፍርሻለሁ፤ አንተም ያንተን በአንድ ጣቢያ መሬት ላይ ብታፈርሰው እግዚአብሔር አይቆጣህም። ባለቤትህን ፈርተህ ከሆነ ንገራት፤ ለሌላዋ ሴት ነጻነት ስትል እሺ ትልሃለች ብዬ አምናለሁ። የቀን ባቡሩ ያው በድሮው ሰዓት ነው የሚገባው። እኔ ከሚዛኑ አጠገብ እሆናለሁ። ልትቆጣኝ ብትፈልግ እዚያው በሰው ፊት ተቆጣኝ፤ ልትመታኝም ትችላለህ፤ ብቻ ከባቡሩ ውረድ።

ሰላምታ ልጻፍልህ። አሰጋሽ እጅ ነስታለች፤ ከዚህ በኋላ የሁለት ሰው አስተርጓሚ መሆን ሰልችቶኛል በልልኝ ብላለች። ኩምሳ ባለማወቁ አዝኗል፤ ይህንን ፖስታ በሌላ ሰው እጅ ሳይሆን ራሱ ፈቃድ ወስዶ እስከ ወደቡ ድረስ ሊያመጣልህ ቃል ገብቶልኛል፤ ካገኘኸው በደንብ ይይህ፣ እርሱ ምስክር ይሆናል። አቶ ገብረጻድቅ፣ ካለ ይምጣ፣ ከሌለም እንወቀው ብለዋል። ዱሬሳ ደግሞ፣ ወንድምህን፣ እኔ ያልበላሁበት በሶ የለምና ይቅር ይበለኝ በለው ብሎኛል። አለሚቱ ምንም አላለችም፤ መልእክት የምትልክበት መንገድ ተዘግቶባታል።

እናታችንን በአሰጋሽ በኩል፣ ለጋሼ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልላት ብዬ ጠየቅኋት። ለልጄ ሰላም በለው አለች። ለሚስቱና ለልጁስ ስል፣ ላላየኋቸው ሰዎች ሰላምታ አልክም ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ፖስታውን ልለጥፍ ስል ተመልሳ መጣች፤ ይህን የምጽፍልህ ወረቀቱን መልሼ ዘርግቼ ነው። ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በማንም በኩል ሳይሆን፣ ፊቴን እያየች አናገረችኝ። እውነት ከሆነች፣ ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው አለችኝ። ሦስት አልፏታል አልኳት። ስሟስ አለችኝ።

አልነገርከኝም ነበር ወንድሜ። አላውቀውም አልኳት።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ መጋቢት 20 ቀን 1965 ዓ.ም.
ወንድምህ ቀናው